ዲቪ ለደረሳችሁ የድሬ ሰዎች፦ ልጁን አስተርጓሚ አታድርጉት

ድሬ በመጣሁ ቁጥር ዲቪ የደረሰው ሰው የሚጠይቀኝ ያንኑ ነው። ኪራይ የት ይረክሳል? መንጃ ፈቃድ በስንት ጊዜ ይወጣል? ሥራ በሰዓት ስንት ይከፍላል? በርበሬ ስንት ኪሎ ያሳልፋሉ? አቦ፣ ይሄን ሁሉ ቴሌግራም ላይ ታገኙታላችሁ! የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ይዞ የሚሄድ አባት ስለ ልጁ አንድ ነገር ሲጠይቅ ግን አልሰማሁም። ሳነሳበትም «ልጆች ቶሎ ይለምዳሉ» ብሎ ይዘጋዋል።

የአምስት ዓመት ልጅ ይለምዳል። ጎረምሳ ግን ጓደኛውን፣ ሰፈሩንና ቅጽል ስሙን ጥሎ ነው የሚሄደው። ድሬ ላይ ማታ በር ላይ ተቀምጦ አማርኛ፣ ኦሮምኛና ሶማልኛ እየቀላቀለ፣ ትልቁንም ትንሹንም «አንተ» እያለ ሲሳሳቅ ያመሸ ልጅ ነው። እዚያ አሜሪካ የሚጠብቀው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለ አፓርታማ፣ ማታ ሥራ የሚገቡ እናትና አባት፣ ስሙን መጥራት አቅቶት የሚስቅ ክፍል ነው። ይሄን ቢያንስ ቀድማችሁ ንገሩት። ጓደኞቹንም በወጉ ይሰናበት።

ወረቀቱን በአጭሩ። የክትባት ካርዱንና ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ያለውን ትራንስክሪፕት በእንግሊዝኛ፣ ማኅተም ያለበት፣ ከድሬ ሳትወጡ ያዙ። እዚያ ሁለተኛ ደረጃ የሚጨረሰው በክሬዲት፣ ማለትም ላለፈው ትምህርት ሁሉ በሚያዝ ነጥብ ነው። ማስረጃ ከሌለ የተማረው እንዳልተማረ ይቆጠርና የ17 ዓመት ልጅ ከ14 ዓመት ልጆች ጋር 9ኛ ክፍል ሊቀመጥ ይችላል። ሞራሉ የሚሰበረው ያኔ ነው። «ከሄድን በኋላ ዘመድ ያወጣልናል» የምትሉ ደግሞ ዘመዳችሁን በክረምት የተዘጋ ቢሮ ታስጠብቁታላችሁ።

አሁን ወደ ዋናው። ልጃችሁን አስተርጓሚ አታድርጉት፤ ለባንክም፣ ለሐኪምም፣ ከሁሉ በላይ ለትምህርት ቤት።

እኛ ቤት የሆነውን ልንገራችሁ። ልጄ እንግሊዝኛውን ከሁላችን ቀድሞ ያዘ። ደብዳቤ ሲመጣ እሱ ያነባል፣ ስልክ ሲጮህ እሱ ያነሳል። እኛም ኮራን፣ እንግዳ ሲመጣ እናስወራው ነበር። አንድ ቀን ትምህርት ቤት ወላጅ ተጠራና ሄድኩ። መምህሯ ብዙ ተናገረች፤ ልጁ «ጎበዝ ነው እያለች ነው፣ እዚህ ጋ ፈርሚ» አለኝ። ፈረምኩ። እሷ ያለችው ግን ምሳ ሰዓት ብቻውን እንደሚቀመጥ፣ ከሰዓት በኋላ ከክፍል እንደሚቀር፣ ራሴን አመመኝ እያለ ነርስ ጋ እንደሚመላለስ ነበር። ወረቀቱ ደግሞ ለእንግሊዝኛ ጀማሪዎች የሚሰጠውን ተጨማሪ ትምህርት አልፈልግም የሚል ነው። የዚያ ክፍል ልጆች ስለሚሳቅባቸው መውጣት ፈልጓል። ይሄን ሁሉ ያወቅነው በሌላ ሐበሻ ወላጅ በኩል፣ ዓመቱ ሊያልቅ ሲል ነው። ልጁ ውሸታም ሆኖ አይደለም፤ ሌሊት ሠርታ የምትገባ እናቱን ማስጨነቅ አልፈለገም። የ14 ዓመት ልጅ ስለ ራሱ የሚባለውን ለእናቱ ሲተረጉም ቁጭ ብለው ያዩት ግን ዲግሪ ያላቸው አዋቂዎች ናቸው።

ግዴታ አለባቸው እኮ! እ.ኤ.አ. ከ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ የተነሳ የሕዝብ ትምህርት ቤት ወላጅን በሚገባው ቋንቋ ማስረዳት አለበት፤ አስተርጓሚውም በነጻ ነው። ስታስመዘግቡ ቤት ውስጥ የምትናገሩትን ቋንቋ የሚጠይቅ ቅጽ ይሰጣችኋል። ልጄ ይከበርልኛል ብሎ «እንግሊዝኛ» የሚሞላ ሞልቷል፤ ከዚያ በኋላ ለምን ማንም አልረዳንም ይላል። አማርኛ ከሆነ አማርኛ፣ በኦሮምኛ ወይ በሶማልኛ የሚቀላችሁም ያንኑ ጻፉ። ለስብሰባ ስትጠሩ አስተርጓሚ እንደምትፈልጉ ቀድማችሁ በጽሑፍ አሳውቁ። «ልጁ ይበቃል» ካሏችሁ እምቢ በሉ። ያልገባችሁን ወረቀት ቤት ውሰዱት፣ ማንም አይቆጣችሁም። የፈረማችሁትንም መሻር ይቻላል፤ እኔ በጽሑፍ ጠይቄ ልጁ ወደ ድጋፉ ተመልሷል።

አሌሃንድሮ ፖርቴስና ሩበን ሩምባውት የሚባሉ የሶሺዮሎጂ ምሁራን እ.ኤ.አ. ከ1992 ጀምሮ ማያሚና ሳን ዲዬጎ አካባቢ ከአምስት ሺህ በላይ የስደተኛ ልጆችን ተከታትለው ነበር። ልጅ አዲሱን አገር ከወላጁ ቀድሞ ሲያውቅና የቤቱን ቋንቋ ሲጥል ወላጅ ሥልጣኑን ያጣል፣ ልጁም የሚመራው ትልቅ ሰው ያጣል ነው የሚሉት። ስለዚህ ቤት ውስጥ እንግሊዝኛ ብቻ ይወራ ከሚሉት ጋር አልስማማም። ሦስት ቋንቋ ችሎ ያደገ የድሬ ልጅ አራተኛ ሲጨመርበት አይደናገርም።

ካውንስለር (የትምህርት ቤቱ አማካሪ) ያናግረው ሲባል «ልጄ አላበደም» ብላችሁ አትነሱ። ጎረምሳ ሲጨንቀው ብዙ ጊዜ አያለቅስም፤ ይቆጣል። እንቅልፉ ይዛባል፣ የሚወደውን ይተዋል፣ ሐኪም ምንም ያላገኘበት ሆድና ራስ ያመዋል። ሁለት ሳምንት ከዘለቀ ስንፍና ነው አትበሉ፣ አሳዩት። ሞትን ካነሳ በቀጥታ ጠይቁት፤ መጠየቅ ሐሳቡን አያመጣበትም። 988 የሚባለው የአሜሪካ የጭንቅ ጊዜ የእርዳታ ስልክ ቀንም ሌሊትም ይነሳል፣ ስትደውሉ አስተርጓሚ ጠይቁ። ጸበሉም ዱዓውም ይቀጥል፣ ከሕክምናው ጋር አይጣላም። ሜዲኬይድ (መንግሥት ገቢው ዝቅ ላለ ሰው የሚሰጠው የጤና መድን) ያለው ልጅ እስከ 21 ዓመቱ የአእምሮ ሕክምናም ይሸፈንለታል። 18 ሲሞላው ግን ሐኪሙ ያለ ልጁ ፈቃድ አያናግራችሁም፤ መቀራረቡን ቀደም ብላችሁ ጀምሩ። ዱላውን ደግሞ ድሬ ትታችሁት ሂዱ። መምህርም ሐኪምም በደል ከጠረጠረ ሪፖርት የማድረግ የሕግ ግዴታ አለበት።

ደሜን የሚያፈላው ሌላው ጉዳይ «ልጁ ከፋ፣ ድሬ ልኬ አያቱ ጋ ይታረም» የሚለው ነው። ድሬ ማረሚያ ቤት አይደለችም። ከዚራ ሰፈር ፓስፖርታቸውን አጎት የያዘባቸው ልጆች አይቻለሁ፤ ጠዋት ስልክ፣ ከሰዓት ጫት። የጫት ገበያው አወዳይ እንደሆነ ቅርብ ነው። አማርኛቸው ተሰባብሯል፣ የእኩዮቻቸው ቀልድ አይገባቸውም፣ እዚህም እንደገና አዲስ መጤ ናቸው። ጭንቀት የያዘውን ልጅ ከሐኪሙ አርቆ ለአያት መስጠት ለአያትየዋም ግፍ ነው።

በዚህ ላይ ግሪን ካርዱ አለ። ከአንድ ዓመት በላይ ውጭ ከቆየ ካርዱ ብቻውን አያስገባውም። የዳግም መግቢያ ፈቃድ ማመልከቻ የሚገባው ልጁ አሜሪካ ውስጥ እያለ ነው፤ ድሬ ከደረሰ በኋላ አይሆንም። ያ ካመለጠ አዲስ አበባ ኤምባሲ ሄዶ የተመላሽ ነዋሪ ቪዛ መጠየቅ ይቀራል። እዚያ የሚጠየቀው የቆየው ከአቅሙ በላይ በሆነ ምክንያት መሆኑን እንዲያስረዳ ነው፤ እናቴ ልካኝ ነው ብሎ ነው የሚያስረዳው?