ጉልበቱን የሚያመው ሰው ጡንቻ ለማጠንከር ሲነሳ የሚሠራቸው ስህተቶች

ትልቁን ስህተት አስቀድሜ ልናገር፤ ማሳረፍ ነው። እዚህ ጅማ ሰው ጉልበቱን ሲያመው ከሁሉ በፊት የሚሰማው ምክር «አሳርፈው» የሚል ነው። ጎረቤት ይለዋል፣ ልጆቹ ይሉታል፣ አንዳንዴ ነጭ ጋውን የለበሰ ሰውም ይለዋል። ከዚያ ከመርካቶ እስከ ቤቱ በእግሩ ይመላለስ የነበረው ሰው ባጃጅ መያዝ ይጀምራል። ከበርጩማ ወደ ሶፋ ይዛወራል፣ ዕቃ መሸከም ለልጆች ይተዋል፣ ሲነሳ የሚደግፈው ሰው ይጠራል። ለጥቂት ሳምንታት እፎይ ይላል። ወራት አልፈው ወደ ፊዚዮቴራፒ ሲመጣ ግን ድሮ ደረጃ ላይ ብቻ ያመው የነበረው ጉልበት ሜዳ ላይም ያመዋል።

በመሃል የሆነውን ተራ የልብስ ሰፊ ሜትር ያሳያል። ከጉልበት ሎሚው 15 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብዬ የሁለቱንም ጭን ዙሪያ ስለካ፣ አብዛኛውን ጊዜ የታመመው እግር ጭን ሳስቶ አገኘዋለሁ። የሳሳው በፊት በኩል ያለው ትልቁ የጭን ጡንቻ ነው። ከወንበር ስንነሳም ሆነ ቁልቁለት ስንወርድ ጫናውን የሚቀበለው እሱ ነው። እሱ ሲደክም ጫናው ለመገጣጠሚያው ይተርፋል፣ ጉልበቱም ያማል። ሲያም እናሳርፈዋለን፣ ስናሳርፈው ደግሞ ጡንቻው ይብስ ይደክማል። ጉልበቱ ውሃ ከቋጠረማ ነገሩ ይከፋል፤ እብጠቱ ራሱ በነርቭ በኩል ያንን ጡንቻ እንዳይሠራ ይይዘዋል። «እግሬ ይከዳኛል» የሚሉ ታካሚዎች እያጋነኑ አይደለም።

ሌላም አለ። ካርቲሌጅ የሚባለው የአጥንቱን ጫፍ የሚሸፍነው ልባስ የራሱ የደም ሥር የለውም። ምግቡን የሚያገኘው ከመገጣጠሚያው ፈሳሽ ነው፤ ፈሳሹም ወደ ውስጥና ወደ ውጭ የሚመላለሰው ጉልበቱ ሲንቀሳቀስና ጫና ሲያርፍበት ነው። ስለዚህ ሶፋ ላይ የከረመ ጉልበት «አልተጎዳም» ማለት አይቻልም።

የማሳረፉ ወንድም ኤክስሬይን እንደ ፍርድ ወረቀት ማንበብ ነው። ምንም የማያማቸው ብዙ ጎልማሶች ፊልም ላይ መሳሳት ይታያል፤ ክፉኛ የሚያማቸው ደግሞ ፊልማቸው ደህና ይሆናል። የእንግሊዝ የጤና መመሪያ አውጪ ተቋም ናይስ እ.ኤ.አ. በ2022 ያወጣው መመሪያ፣ ዕድሜና ምልክቱ በግልጽ የሚናገሩ ከሆነ ኦስቲዮአርትራይተስን (የመገጣጠሚያ መሳሳትን) ለመለየት ኤክስሬይ እንደ ልማድ አይታዘዝ ይላል፤ ለሁሉም ታማሚ የሚያዘው የጡንቻ ልምምድ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 (እ.ኤ.አ.) በዓለም 528 ሚሊዮን ያህል ሰው ይህ የመገጣጠሚያ ችግር እንዳለበት ገምቷል፤ በብዛት የሚጠቃውም ጉልበት ነው። ይህ ሁሉ ሰው «አልቋል» ተብሎ ቤት ሊቀመጥ አይችልም።

አንዲት እናት ፊልማቸውን በፌስታል ይዘው መጡ። የሆነ ቦታ «ጉልበትዎ አልቋል፣ እንዳያጥፉት» ተብለው ነበር። ከዚያ ወዲህ ሶላታቸውን ወንበር ላይ ሆነው ነው የሚሰግዱት፤ ያ ከሕመሙ በላይ ከብዷቸዋል። ከወንበር እንዲነሱ ጠየቅኳቸው። የታመመውን እግር ወደ ፊት ዘረጉት፣ ሁለት እጃቸውን ጭናቸው ላይ ተከሉ፣ ክብደታቸውን በሙሉ በደህናው እግር ወስደው ተነሡ። የታመመው እግር ምንም አልሠራም።

«እማማ፣ ያንን እግር ወደ ኋላ ይሳቡትና ከጓደኛው እኩል ያድርጉት።»

«ልጄ፣ ይሰበራል እኮ!»

አልተሰበረም። በመጀመሪያው ቀን ወንበሩ ላይ ሁለት ትራስ ደርበን ከፍ ካለ ቦታ ተነሡ። ከሳምንታት በኋላ አንዱን ትራስ፣ ቀጥሎም ሁለተኛውን አወጣን። ወደ በርጩማ ለመውረድ ወራት ፈጅቷል፤ አሁን ግን ምንጣፋቸው ላይ ይሰግዳሉ። ፊልሙን ዳግም አላነሣንም፤ ቢነሣም ከበፊቱ የተለየ ነገር የሚያሳይ አይመስለኝም።

ይህን ዘዴ ቤታችሁ ሞክሩት። የፕላስቲክ ወንበር ከሆነ ሊሾ ሲሚንቶ ላይ ይንሸራተታልና ጀርባውን ግድግዳ አስደግፉት። ሁለቱ እግሮች እኩል ይሁኑ፣ እጅ ደረት ላይ ይጣመር። ስትቀመጡ ዘፍ አትበሉ፤ በልባችሁ እስከ ሦስት እየቆጠራችሁ ውረዱ። ጡንቻውን ይበልጥ የሚያሠራው አወራረዱ ነው።

አሁን በጣም ወደሚያናድደኝ ስህተት ልምጣ፤ ለወራት አንድ ዓይነት ቀላል ልምምድ መደጋገም። ሰውየው አልጋ ላይ ተኝቶ እግሩን ቀጥ አድርጎ ማንሳት ተምሯል። ጥሩ ጀማሪ ልምምድ ነው። ጠዋት 50 ጊዜ፣ ማታ 50 ጊዜ ያነሳል፣ እያነሳም ስልክ ያወራል። ከሦስት ወር በኋላ «ስፖርቱን ሞክሬዋለሁ፣ አልሠራልኝም» ይለኛል። የታዘዘለትን መድኃኒት ሩቡን እየዋጠ አልዳንኩም እንደሚል ሰው ነው። ስልክ እያወራችሁ የምትጨርሱት ልምምድ ጡንቻችሁን እንዲጠነክር አያስገድደውም። ባለሙያዎችም ከዚህ ነፃ አይደለንም። ታካሚው እንዳያመው ፈርቶ በዚያው ቀላል ልምምድ ለወራት የሚያቆይ ብዙ አለ፤ ከዚያ ታካሚው ተስፋ ቆርጦ መርፌ ፍለጋ ይሄዳል።

ነገሩ አዲስ ግኝት አይደለም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ ላይ ቶማስ ዴሎርም የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም ጉልበታቸው የተጎዳ ወታደሮችን ያክም ነበር። የዘመኑ ልማድ በቀላል ክብደት ብዙ ጊዜ መደጋገም ሲሆን፣ እሱ ግን ክብደቱን ከፍ አድርጎ ድግግሞሹን ቀነሰ፤ ጡንቻው በጠነከረ ቁጥርም ክብደት ጨመረ። ውጤቱን በ1945 (እ.ኤ.አ.) አሳተመ። ዛሬ በየጂሙ «10 ጊዜ፣ ሦስት ዙር» የሚባለው ልማድ ሥሩ እዚያ ነው፤ ከተጎዳ ጉልበት ማለት ነው።

ልኩን በቁጥር ላስቀምጥ። በአንድ ዙር ከ8 እስከ 12 ጊዜ፣ ሁለት ወይም ሦስት ዙር፣ በመሃሉ ሁለት ደቂቃ ያህል እረፍት፣ በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ቀን። የዙሩ የመጨረሻ ሁለት ድግግሞሾች ሊከብዷችሁ ይገባል። 12ቱ ያለ ችግር ካለቁ ጨምሩ። ጂም የግድ አይደለም። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ነው፤ ባለ 5 ሊትር ጀሪካን ሞልቶ ደረት ላይ አቅፎ ከወንበር መነሳት ለብዙ ሰው በቂ ፈተና ነው። ከዚያ አንድ ደረጃ ላይ በታመመው እግር ወጥቶ ቀስ ብሎ መውረድ፣ ቀጥሎ ዝቅ ያለ መቀመጫ። የኛ የጅማ በርጩማ ከሁሉም ስለሚከብድ ለመጨረሻ ይቆይ።

«ሲያመኝስ ላቁም?» ከዜሮ እስከ አሥር ባለው መለኪያ ሕመሙ እስከ አራት ከደረሰና በማግሥቱ ጠዋት ወደ ቀድሞው ከተመለሰ፣ ቀጥሉ። ካለፈ ወይም ጉልበቱ አብጦ ካደረ፣ በሚቀጥለው ጊዜ ክብደቱን ወይም ዙሩን ቀንሱ፤ ልምምዱን ግን አትተዉት። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ትንሽ ሕመም መጨመሩ የሚጠበቅ ነው፤ ናይስም ይህ ለታማሚው አስቀድሞ ይነገረው ይላል። በተቃራኒው ጥርስ ነክሶ መሥራትን ጀግንነት የሚያደርጉ አሉ፤ አብዛኞቹ ኳስ ተጫዋች ወጣቶች ናቸው። እናንተንም እወዳችኋለሁ፤ ግን ያበጠ ጉልበት ይዛችሁ ሜዳ አትግቡ።

ልምምድ በጀመሩ በመጀመሪያው እሁድ ጅሬን መውጣትም ስህተት ነው። የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ያለበት ኮረብታ ለጤነኛ ሰው ግሩም ነው። ሽቅቡ ትንፋሽ ያሳጥራል፣ ጉልበቱን የሚያሳምመው ግን መመለሻው ነው። ሁለት ወር ከወንበር መነሳትና ደረጃ መውረድ ተለማምዳችሁ ሂዱ።

የቡና ለቀማ ሲደርስም እንዲሁ ነው። ወራት ቁጭ ተብሎ ተከርሞ በአንድ ሳምንት ሙሉ ቀን ቁጢጥ ማለትና ጆንያ መሸከም ይመጣል፤ ኅዳር ላይ የሚመጡልን ጉልበቶች ብዙዎቹ የዚያ ናቸው። ከመስከረም በፊት ጀምሩ።

ጉልበት ብቻ መሥራትም ጎደሎ ነው። የመቀመጫና የዳሌ ጡንቻ ከደከመ፣ ደረጃ ስትወርዱ ጉልበት ወደ ውስጥ ይታጠፋል። በጀርባ ተኝቶ ወገብን ማንሳት፣ በጎን ተኝቶ እግርን ማንሳት ይጨመሩ።

ሳያም «ቀጭ ቀጭ» የሚል ድምፅ ጉዳት አይደለም፤ እርሱት።

ወጌሻ ዘንድ መታሸት ሕመሙን ለጊዜው ሊያቀልል ይችላል፣ ጡንቻ ግን አይገነባም። ያበጠ ጉልበት ደግሞ ፈጽሞ አይጎተት፣ በኃይልም አይታሽ።

ልምምዱን ለመቻል ብሎ በየቀኑ ዲክሎፌናክ የተባለውን የሕመም ማስታገሻ ከፋርማሲ ገዝቶ መዋጥ ጨጓራንና ኩላሊትን ይጎዳል፣ ግፊትም ይጨምራል። የደም ግፊት ወይም የኩላሊት ችግር ያለበት ሰው ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይንካው።

የሰውነት ክብደትን ቸል ማለትም ስህተት ነው። ይህን ስናገር ሰው እንደሚከፋው አውቃለሁ፣ ለማሳፈርም አይደለም የምናገረው። ከሰውነት አንድ ኪሎ ሲቀነስ በእያንዳንዱ እርምጃ ጉልበት ላይ የሚያርፈው ጫና በአራት ኪሎ ያህል እንደሚቀንስ ተለክቷል። ጭን ማጠንከርና ኪሎ መቀነስ አብረው ሲሄዱ ለውጡ ቶሎ ይታያል።

በሁለት ሳምንት ውጤት መጠበቅ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚመጣው ብርታት ነርቭ ጡንቻውን ማዘዝ ስለለመደ ነው፤ ጡንቻው ራሱ እስኪወፍር ጊዜ ይወስዳል። 12 ሳምንት ሳትሠሩ አልሠራልኝም አትበሉ። ሕመሙ ሲጠፋም ጨርሶ አታቁሙ፤ በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ቀን በዚያው ክብደት ቀጥሉ።

ልምምድ ከመጀመራችሁ በፊት ሐኪም የሚያስፈልጋችሁም አላችሁ። ጉልበቱ ቀልቶና ግሎ ትኩሳት ካለ፣ ከውድቀት ወይም ከግጭት በኋላ አራት እርምጃ መራመድ ካልተቻለ፣ ጉልበቱ ተቆልፎ አልዘረጋ ካለ፣ ባት አብጦ ካመመ፣ ወይም ሕመሙ ያለ ምክንያት ሌሊት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስና ክብደት እየቀነሰ የሚሄድ ከሆነ፣ በዚያው ቀን ጤና ተቋም ሂዱ።