በፍሪካድ የማሽን ዕቃ ለመንደፍ የትኛውን ወርክቤንች መቼ እንክፈት?

አጋሮ አካባቢ የአንድ ቡና መፈልፈያ ማሽን ኩሽኔታ ማቀፊያ በለቀማ ሰሞን ቢሰበር እሸቱ ቆሞ አይጠብቅም። ጅማ ወዳለ ቶርኖ ቤት ስባሪውን ብቻ ይዞ ከመሄድ ልኩ በትክክል የተጻፈበት ስዕል መያዝ ብዙ ምልልስ ያስቀራል። ለዚህ ሥራ በኮምፒውተር ዕቃ መንደፊያ የሆነው ፍሪካድ የተባለው ፕሮግራም ይበቃል። ነፃ ነው፣ ያለ ኢንተርኔትም ይሠራል።

ጀማሪን የሚያደናግረው መሣሪያዎቹ ሁሉ አንድ ላይ አለመታየታቸው ነው። እንደ ሥራው ዓይነት ወርክቤንች በሚባሉ ክፍሎች ተመድበዋል። ከላይ ካለው ዝርዝር ሌላ ወርክቤንች ስትመርጡ የሚቀየረው የመሣሪያው መደርደሪያ ብቻ ነው። ፋይላችሁ እዚያው ነው፣ ምንም አይጠፋም።

መጀመሪያ በካሊፐር ለኩ። የኩሽኔታው ቁጥር 6205 ከሆነ ውስጡ 25፣ ውጩ 52፣ ውፍረቱ 15 ሚሊሜትር ነው። ለኤም 10 ቡሎን 11 ሚሊሜትር ቀዳዳ ያዙ።

አሁን ወርክቤንች ምረጡ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ፓርት እና ፓርት ዲዛይን ስማቸው ቢቀራረብም አሠራራቸው ይለያያል። ፓርት እንደ ኩብና ሲሊንደር ያሉ የተዘጋጁ ቅርጾችን ይሰጣችኋል፤ እናንተ ትደምራላችሁ ወይም ትቀንሳላችሁ። ፓርት ዲዛይን ግን ቦዲ ከሚባል አንድ አካል ተነስቶ እርምጃ በእርምጃ ይገነባል። ለማሽን ዕቃ ይሄኛው ይሻላል፤ ነገ ልኩ ቢቀየር ወደ ኋላ ተመልሳችሁ አንዷን ቁጥር ታስተካክላላችሁ፣ ሌላው ይከተላል።

ሁለቱን ግን አትቀላቅሉ። ቦዲውን ወስዳችሁ በፓርት ብትቆርጡት ውጤቱ ከቦዲው ውጭ ይቀመጣል። ከዚያ በኋላ የፓርት ዲዛይን መሣሪያዎች በቀጥታ አይሠሩበትም። መሣሪያው ደብዝዞ አልጫን ሲላችሁም ፕሮግራሙን ዘግታችሁ አትክፈቱ። በግራ ካለው ዝርዝር ቦዲውን ሁለት ጊዜ ጠቅ አድርጉና ሥራ ላይ አውሉት።

ስኬች፣ ማለትም የዕቃውን ጠፍጣፋ የመስመር ንድፍ፣ ስትጀምሩ ፕሮግራሙ ራሱ ወደ ስኬቸር ይወስዳችኋል፣ ስትዘጉት ይመልሳችኋል። መስመሮቹ በሙሉ አረንጓዴ ሳይሆኑ አትውጡ። አረንጓዴ ያልሆነ መስመር ልኩ ገና አልታሰረም፤ አንዱን ስትነኩ ሌላው ይንሸራተታል። ከዚያ በፓድ አወፍሩ፣ በፖኬት ብሱ።

ቀጥሎ የሚታተመውን ስዕል የሚያወጣው ወርክቤንች፣ ቴክድሮው። ኤ4 ገጽ ክፈቱ፣ እይታዎቹን አስገቡ፣ ልኮቹን ጻፉ። በ3ዲው ላይ ኩሽኔታው የሚገባበት ቀዳዳ ልክ 52 ነው። ቶርኖ ሠሪው ግን ስንት መሳት እንደሚፈቀድለት ማወቅ አለበት። 52 ኤች 7 ብላችሁ ጻፉ፤ ከ52 እስከ 52.03 ሚሊሜትር ማለት ነው። ቀዳዳው ከዚያ ከሰፋ ኩሽኔታው ይላወሳል፣ ከጠበበ ደግሞ ይጨነቃል። እኔ ለስዕሉ ዋጋ የምሰጠው ለዚህች መስመር ነው።

የቀሩት ወርክቤንቾች ለሌላ ቀን ይቆዩ። ፌም ጥንካሬ ለማስላት፣ ካም በኮምፒውተር ለሚታዘዝ (ሲኤንሲ) ማሽን፣ ቢም ለቤት ፕላን ነው። በ2024 በወጣው 1.0 ስሪት የተካተተው አሰምብሊ ዕቃዎችን ለመገጣጠም ይጠቅማል። በእጅ ለሚሠራ ቶርኖ ካም አያስፈልግም።

መብራት ሳይታሰብ ሊጠፋ ስለሚችል በፕሪፈረንስ ውስጥ የራስ-ሰር ማስቀመጫውን ሰዓት አሳጥሩ። ቶርኖ ቤቱ ኮምፒውተር ካለው ከታተመው ስዕል ጋር የስቴፕ ፋይሉንም (ሌሎች የንድፍ ፕሮግራሞች የሚከፍቱትን የ3ዲ ፋይል) በፍላሽ ያዙ።