የሰው ሠራሽ አስተውሎትን እገዛ በጥናት ጽሑፍ ውስጥ በትክክል ለመግለጽ

ጥናቱ ካለቀ በኋላ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የቱን ያህል እንዳገዘ ከትውስታ መጻፍ ስለሚያስቸግር፣ ከሥራው መጀመሪያ አንሥቶ የመሣሪያውን ስምና ስሪት፣ ቀኑን፣ የተጠየቀውንና ከመልሱ የተወሰደውን በአንድ ሰንጠረዥ መመዝገብ ይጠቅማል። እንደ ቻትጂፒቲ ያሉት በየጊዜው ስለሚለወጡ፣ ስሪቱና ቀኑ ካልተጠቀሰ ማንም ሊያጣራው አይችልም። ከዚያም፣ ዓለም አቀፉ የሕክምና መጽሔቶች አዘጋጆች ኮሚቴ እንደሚመክረው፣ የአጻጻፍ እገዛው በምስጋና ክፍል፣ መረጃ በመሰብሰብ፣ በመተንተን ወይም ሥዕላዊ መግለጫ በማዘጋጀት የተገኘው ደግሞ በጥናቱ ዘዴ ክፍል ይሰፍራል፤ መሣሪያው ግን በደራሲነት አይጠቀስም። «በከፊል ተጠቅመናል» የሚለው ሐረግ፣ በእኔ እምነት፣ ለአንባቢ ምንም አይነግርም። እገዛው የፊደልና የሰዋስው ግድፈት ማረም ብቻ ከሆነ እንደ ኤልዝቪር ያሉ አሳታሚዎች መግለጫ ስለማይጠይቁ፣ አስቀድሞ የመጽሔቱን መመሪያ መመልከት ይበቃል።