ጉርጥ ወረረን ብላችሁ ከመደወላችሁ በፊት

ክረምት ገብቶ የጅማው ወንዝ አዌቱ መሙላት ሲጀምር ስልኬ አያርፍም። «ጉርጥ ወረረን፣ በጎ ፈቃደኛ ልጆቹን ይዘህ ድረስልን!» ነው። ጓንት፣ ባልዲና ባትሪ መያዝ፣ ማታ ለብቻ አለመውጣት የታወቀ ነውና አልደግመውም።

ማታ ማታ በረንዳ ላይ ይሰበሰባል

ከሞላ ጎደል የምንጠራው ሁሌ ለዚህ ነው። ጥፋቱ የአምፖሉ ነው። ዝናቡ ሲያባራ አሸን ይወጣል፣ መብራቱን ይከባል፣ ክንፉ ረግፎ ወለሉ ላይ ይርመሰመሳል። ጉርጡ ከስሩ ቁጭ ብሎ ምላሱን መወርወር ብቻ ነው የሚጠበቅበት።

ሄርማታ ሰፈር አንዲት እናት ቤት ሦስት ሌሊት ተመላልሰናል። በባልዲ ለቅመን ጓሮ ካለው ቡና ስር እንለቃቸዋለን፤ በማግስቱ እዚያው ሲሚንቶ ላይ ተደርድረው ይጠብቁናል። በሦስተኛው ሌሊት «እትዬ፣ መብራቱን ላጥፋው?» አልኳቸው። «ሌባውስ?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። አምፖሉን ነቅለን አጥሩ ጥግ ግንድ ላይ ሰቀልነው፣ ለበረንዳው ደብዛዛ ቢጫ አደረግን፣ የበሩን ስር በከመነዳሪ ቁራጭ ደፈንን። በማግስቱ ማታ በረንዳው ጸዳ። አንድ ወፍራም ብቻ አጥሩ ጥግ፣ አዲሱ መብራት ስር ተጎልቶ አገኘነው።

የለቀማችሁትን እዚያው ግቢ ወይም ከጎኑ ቁጥቋጦ ውስጥ ልቀቁ። ሰፈር አቋርጣችሁ አታጓጉዙ፤ የቆዳ በሽታ ከቦታ ቦታ ይዞ ይሄዳል።

በጎ ፈቃደኛው ዱላና ጨው ይዞ መጣ

ይሄ ያናድደኛል። መነሻው በስልክ የሚያዩት የአውስትራሊያ ቪዲዮ ነው። አውስትራሊያ በፈረንጆቹ 1935 የሸንኮራ ጥንዚዛ ይበላልናል ተብሎ ከሃዋይ መቶ ያህል ጉርጥ ገባ። ጥንዚዛው እንዳለ ቀረ፣ ጉርጡ አገሩን አጥለቀለቀ። ስለዚህ እዚያ ሕዝቡ ሌሊት ወጥቶ ይለቅማል፤ በአግባቡ የሚሠሩት ግን አይቀጠቅጡም፣ መጀመሪያ ፍሪጅ ውስጥ አደንዝዘው ነው ወደ ፍሪዘር የሚያስገቡት። የጅማው ጉርጥ መጤ አይደለም፣ የዚሁ አገር ነው። አይገደልም!

ጨው ደግሞ ግፍ ነው። ጉርጥ ውሃ የሚጠጣው በቆዳው ነው፤ ጨው ከሰውነቱ ውሃውን ይመጠዋል። አንዱ ወጣት ግማሽ ኪሎ ነስንሶበት፣ ጉርጡ ደረጃ ስር ተኮራምቶ ሳለ ደረስን፤ ከዓይኑ ኋላ ካለው እብጠት ነጭ መርዝ እያመነጨ። በንጹሕ ውሃ አጥበን ጥላ ውስጥ አኖርነው። ለዚያ ልጅ ሁለተኛ ባልዲ አልሰጠሁትም።

በርሜሉና ቦዩ ውስጥ እንቁላል ሞላ

እንደ ጥቁር ዶቃ በረጅም ክር ከተሰካ የጉርጥ ነው፤ ተጓጉሎ ከሆነ የእንቁራሪት። ምክንያቱ የሚያንጠባጥብ ቧንቧ ነው። ያ ርካሽ የፕላስቲክ ቧንቧ ወር አይሞላውም፤ ሁለት ጊዜ ከምትገዙት አንዴ የብረቱን ግዙ። በርሜሉን ክደኑ፣ ቦዩን ጥረጉ። ነጭ ጋዝና በረኪና አታፍስሱ! አዌቱ ነው የሚገባው፤ ከታች ከብት ይጠጣዋል።

ውሻ ጉርጥ ነክሶ አረፋ ደፈቀ

አፉን ወደ ታች አድርጋችሁ ድዱን በእርጥብ ጨርቅ ደጋግማችሁ ጥረጉ። ወደ ጉሮሮው ውሃ አታንቆርቁሩ። ከተንገዳገደ ወደ እንስሳት ሐኪም።

የቆዳ ኪንታሮት ያወጣል?

አያወጣም፣ ኪንታሮት ከቫይረስ ነው። የሚያቃጥለው መርዙ ዓይን ሲገባ ነው። ያ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ ጓንት ሲቀደድ ሳታውቁ ዓይናችሁን ታሻላችሁ፤ ወፍራሙን የዕቃ ማጠቢያ ጓንት ያዙ፣ ቢሆንም ስትጨርሱ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ።