ማሲንቆ ተጫዋችን በደማቅ አክሪሊክ መሳል

ለጀማሪ 60 በ80 ሴንቲ ሜትር ፍሬም ይበቃል። አቡጀዲውን ፍሬም ላይ ስትወጥሩ ከየጎኑ መሃል ጀምራችሁ ወደ ማዕዘን ሂዱ፤ ከማዕዘን ከተጀመረ ይሸበሸባል። ከቀለሙ በፊት የሚቀባውን ነጭ መደብ ሁለት ጊዜ ቀቡ፣ አንዱን አግድም፣ ሌላውን ቁልቁል። በክረምት የባሕር ዳር አየር እርጥብ ስለሆነ ሁለተኛውን ለማግስቱ አቆዩት፤ ያልደረቀ ላይ የተደረበ መደብ ኋላ ይሰነጠቃል።

ንድፉን በከሰል አውጡ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው መሣሪያው ላይ ነው። የማሲንቆ ክር አንድ ብቻ ነው፣ ከፈረስ ጭራ የተሠራ። ሣጥኑ በጫፉ የቆመ አራት ማዕዘን ሆኖ ፊቱ ቆዳ ለብሷል፤ ደጋኑም እንደ ቫዮሊን ቀጥ ያለ ሳይሆን የጎበጠ ነው። ባለ ሦስት ክር ማሲንቆ ከሳላችሁ አዝማሪ ቤት የዋለ ሁሉ ይስቅባችኋል።

ከኋላ ደማቅ ሰማያዊ፣ ሣጥኑ ላይ ብርቱካናማ አድርጉ። ጎን ለጎን ሲሆኑ ይደማመቃሉ፤ እርጥብ እያሉ ከተነካኩ ግን ጭቃ ነው የሚሆኑት፣ ስለዚህ አንዱ ይድረቅ። አክሪሊክ ሲደርቅ ስለሚጠቁር ትንሽ አፍክታችሁ በጥብጡ።

ቀለማቱ ከተጣሉባችሁ በጀልባ ዘጌ ተሻግራችሁ የኡራ ኪዳነ ምሕረትን ሥዕሎች እዩ። ቀዩና ቢጫው ሳይጨቃጨቁ የሚኖሩት ጥቁር መስመር ስለሚለያቸው ነው።

ክሩ መጨረሻ ይሁን። ቀለሙን እንደ ወተት አቅጥናችሁ፣ በቀጭን ብሩሽ፣ በእጅ አንጓ ሳይሆን በሙሉ ክንድ፣ በአንድ ትንፋሽ ሳቡት። ከተንቀጠቀጠ ሳይደርቅ በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉና ድገሙት።