የሚደማ ድድን በቤት ውስጥ እንዴት መንከባከብ ይቻላል?

ጥርስ ሲቦረሽ ደም ከታየ ብዙዎቻችን ያንን ቦታ እንተወዋለን፤ "ቆስሏል፣ ይረፍ" ብለን። ድዱን ብዙ ጊዜ የሚያደማው ግን ጥርሱ ሥር የተጋገረው ቆሻሻ ነው። ሲተው ቆሻሻው ይበዛል፣ መድማቱም ይብሳል። ስለዚህ የሚደማው ቦታ ከሌላው ይልቅ መጽዳት አለበት፤ በእርጋታ።

መጀመሪያ መስታወት ፊት ከንፈርዎን ገለጥ አድርገው ይመልከቱ። የድድ ጥቁረት በራሱ በሽታ አይደለም፤ የብዙዎቻችን ድድ ተፈጥሮው ጠቆር ያለ ነው። የታመመ ድድ ጫፉ ያብጣል፣ ይቀላል፣ ሲነኩት ይደማል። ድዳቸውን የተነቀሱ እናቶች ላይ መቅላቱ ላይታይ ስለሚችል እብጠቱንና ደሙን ይከታተሉ። ንቅሳት የሚደማ ድድን ያጠነክራል ሲባል ኖሯል፤ ቀለሙ ግን ሕመሙን ይሸፍናል እንጂ ቆሻሻውን አያነሳም። ሲጋራም እንዲሁ መድማቱን ይደብቃል፤ አጫሽ ደም አላየሁም ብሎ አይዘናጋ።

ቀጥሎ ጽዳቱ ነው። ለስላሳ ብሩሽ ይዘው፣ ወደ ድዱ ዘንበል አድርገው፣ ጠዋትና ከመኝታ በፊት ለ2 ደቂቃ ያህል ይቦርሹ። መፋቂያ የሚጠቀሙ ከሆነ አይተዉት፤ በአግባቡ ከተያዘ ጥሩ መሣሪያ ነው። የወይራ ወይም የክትክታ እርጥብ እንጨት ጫፉን ልጠው፣ እንደ ብሩሽ እስኪበተን ያኝኩት፤ ከዚያ ከድዱ ወደ ጥርሱ ጫፍ ይፋቁ። ወደ ጎን አጥብቆ መፈግፈግ ድድን ያሸሻል። የፊት ጥርስን ብቻ ፍቆ መተው የተለመደ ስህተት ስለሆነ የመንጋጋውንና የውስጡን በኩል አይርሱ። ያገለገለውን ጫፍ በየቀኑ ቆርጠው ይጣሉ።

ካጸዱ በኋላ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በአንድ ብርጭቆ ለብ ያለ ውሃ አሟሙተው ለ30 ሰከንድ ያህል ይጉመጥመጡና ይትፉ። በቀን 2 ወይም 3 ጊዜ ለጥቂት ቀናት ቢያደርጉት እብጠቱን ያስታግሳል። ቅርንፉድ ሕመምን ያደነዝዛል፤ በሽታውን ግን አያድንም። ነጭ ሽንኩርት ድድ ላይ ማሰር ሥጋውን ያቃጥላል፤ ሎሚ የጥርስን ሽፋን ይበላል፤ ከሰልና አመድም ይፍቁታል። እነዚህን አልመክርም።

የድድ ሕመሙ ገና በመጀመሪያው ደረጃ ላይ ከሆነ መድማቱ በ2 ሳምንት ውስጥ ይቀንሳል። ካልቀነሰ ቆሻሻው እንደ ድንጋይ ጠንክሯል ማለት ሊሆን ይችላል፤ ያንን ጨውም ቅጠልም አያነሳውም፣ ክሊኒክ ሄዶ ጥርስ ማሳጠብ ያስፈልጋል። "እጥበት ጥርስን ያላላል" የሚለው ፍርሃት ብዙ ሰው አስቀርቷል። ከእጥበት በኋላ ጥርስ የሚነቃነቅ ከመሰለ፣ አጥንቱን አስቀድሞ የጎዳው በሽታው ነው፤ የጠነከረው ቆሻሻ ደግፎት ስለነበር አልታወቀም እንጂ።

መግል ካለ፣ ድዱ ከሸሸ ወይም ጥርስ ከተነቃነቀ 2 ሳምንት አይጠብቁ። ፊት ካበጠና ትኩሳት ካለ ደግሞ በዕለቱ ይሂዱ። ነፍሰ ጡር ከሆኑ ወይም ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ከወሰዱ ለሐኪሙ ይንገሩ። የስኳር ሕመም ካለብዎ ደግሞ ሳይዘገዩ ይታዩ፤ ከፍ ያለ ስኳር የድድ ሕመምን ያባብሳል፣ የታመመ ድድም ስኳሩን ለመቆጣጠር ያስቸግራል።