የሕክምና መሣሪያ አምራቾች የክልል ማኅበር አመሠራረት፦ ከጋራ ማምከኛና ከጋራ ላቦራቶሪ መነሣት

ሲሪንጅ፣ ፋሻ፣ የቀዶ ሕክምና ጋውን ወይም የአጥንት ድጋፍ የሚሠራ አነስተኛ ፋብሪካ ለብቻው የማይችላቸው ወጪዎች አሉት፦ ማምከኛ ክፍል (በምርቱ ላይ ያለ ጀርም ሁሉ የሚገደልበት)፣ መመርመሪያ ላቦራቶሪ፣ የጥራት ኦዲተር፣ ረቂቅ መመሪያ አንብቦ መልስ የሚጽፍ ባለሙያ። በአንድ ከተማና በዙሪያው ያሉ አምራቾች በማኅበር ሲደራጁ ይህን ይካፈላሉ። በአሜሪካ ሚኒሶታ ግዛት እ.ኤ.አ. በ1984 የተመሠረተው ሜዲካል አሊ የተባለው ማኅበር የዚህ ዓይነቱ ክልላዊ ስብስብ ምሳሌ ነው፤ ከጀመሩት አንዱ የሜድትሮኒክ መሥራች ኧርል ባከን ነበር። ለደብዳቤና ለስብሰባ ብቻ የተቋቋመ ማኅበር ግን መዋጮ የሚሰበስበው የመጀመሪያውን ዓመት ነው። ስለዚህ ገና ሳትመዘገቡ፣ አባላቱ ሁሉ ገንዘብ ቢያወጡበት የማይቆጫቸውን አንድ የጋራ ሥራ ምረጡ።

ከምዝገባ በፊት

ከመጀመሪያው ስብሰባ ቀደም ብሎ አንድ ገጽ መጠይቅ ይበተን። ምን ታመርታላችሁ? ከምን ጥሬ ዕቃ? የትኛውን ደረጃ ትከተላላችሁ? ምርቱ መምከን አለበት ወይ? በወር ስንት ፓሌት (ካርቶን የሚደረደርበት የእንጨት መደብ) ይወጣል? ስለ ዋጋ፣ ስለ ደንበኛ፣ ስለ ጨረታ አንድም ጥያቄ አይኑርበት። መልሱን የሚሰበስበው ከየትኛውም ፋብሪካ ጋር የማይሠራ የሂሳብ ባለሙያ ይሁን፤ ለስብሰባው የሚያቀርበው ድምሩን ብቻ ነው። አንዱ አባል የሌላውን የምርት መጠን የሚያይበት ዝርዝር ጠረጴዛ ላይ ከወጣ፣ ቀጣዩን መጠይቅ በእውነት የሚሞላ አይገኝም።

የሚቀጥለው ጥያቄ ድምፅ የሚሰጠው ማን ነው የሚለው ነው። ድምፅ ለአምራቾች ብቻ ይሁን፤ አስመጪዎች፣ የጥሬ ዕቃ ሻጮችና የጥገና ድርጅቶች ያለ ድምፅ ተባባሪ አባል ይሁኑ። ምክንያቱ ጥላቻ አይደለም። ያለቀለት ሲሪንጅና የሲሪንጅ ፕላስቲክ በሚከፍሉት ቀረጥ ላይ አስመጪና አምራች የሚፈልጉት ተቃራኒውን ነው፤ ሁለቱም ድምፅ ካላቸው ማኅበሩ በዋናው ጉዳይ ላይ አፉ ይታሰራል።

ለዘርፍ ማኅበራት መሠረቱ አዋጅ ቁጥር 341/1995 ነው። ሰነድ ከማዘጋጀታችሁ በፊት የሚጠየቀውን ዝርዝር ከክልሉ ንግድ ቢሮ ወስዳችሁ በዚያው ቅደም ተከተል አሟሉ። መተዳደሪያ ደንቡ ላይ ሌላው ቢቀር ሦስት ነገር በግልጽ ይጻፍ፦ አንድ ድርጅት ትልቅም ይሁን ትንሽ አንድ ድምፅ እንዳለው፤ መዋጮው በሠራተኛ ብዛት በሦስት እርከን እንደሚከፈል፤ አባል ሲወጣ ለጋራ ዕቃ ያዋጣው ገንዘብ ምን እንደሚሆን። ብዙ ጠብ የሚነሣው ከሦስተኛው ነው። የማይመለስ ከሆነ «አይመለስም» ተብሎ፣ የሚመለስ ከሆነ በየዓመቱ ስንት በመቶ እየተቀነሰ እንደሆነ ይጻፍ።

ሌላው የማይታለፍ ሕግ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነው። ተወዳዳሪዎች አንድ ክፍል ውስጥ ሲቀመጡ ሻይ ላይ የሚነሣ የዋጋ ወሬ እንኳ ማስረጃ ይሆናል። አጀንዳው አስቀድሞ በጽሑፍ ይላክ፣ ቃለ ጉባኤ ይያዝ። አንድ ሰው «በዚህ ጨረታ ስንት ልታስገቡ ነው?» ካለ ሰብሳቢው ያስቁመው፤ ካልቆመ ስብሰባው ይዘጋ፤ መዘጋቱም በቃለ ጉባኤው ይስፈር። ጥሬ ዕቃ በጋራ የምትገዙ ከሆነም የእያንዳንዱን ፍላጎት የሚሰበስበው ያው ገለልተኛ ሰው ነው።

የጋራ ማምከኛ

ሙቀት ለማይችል ፕላስቲክ የተለመደው መንገድ ኢትሊን ኦክሳይድ ጋዝ ነው። ጋዙ ፈንጂ ነው፤ አየር ውስጥ 3 በመቶ ገደማ ሲደርስ ይቀጣጠላል። ካንሰርም ያመጣል። የአሜሪካ የሥራ ደኅንነት ወሰን በ8 ሰዓት አማካይ 1 ፒፒኤም (ከሚሊዮን የአየር ክፍል አንዱ)፣ በ15 ደቂቃ 5 ፒፒኤም ነው። አፍንጫ ግን የሚለየው በመቶዎች ፒፒኤም ሲደርስ ነው። «ሽታ የለም» ማለት ምንም ማረጋገጫ አይሆንም። ጋዝ ጠቋሚ መሣሪያና የሚወጣውን ጋዝ የሚያክም ክፍል ከበጀቱ የሚቀነሱ ዕቃዎች አይደሉም፤ ቦታውም ከመኖሪያ ሰፈር የራቀ ይሁን።

ማምከኛውን ማኅበሩ ራሱ አያንቀሳቅሰው። አባላት ባለአክሲዮን የሆኑበት የተለየ ድርጅት ይቋቋም። አንድ ሎት (አብሮ የተመረተ የምርት ስብስብ) ተበላሽቶ ክስ ቢመጣ የሚጠየቀው ያ ድርጅት ይሁን፤ አለዚያ የማኅበሩ ካዝናም ስሙም አብሮ ይሄዳል።

መጠኑን በስሜት አትወስኑ። የ1.2 በ1.0 ሜትር ፓሌት እስከ 1.6 ሜትር ከተደረደረ 1.92 ሜትር ኩብ ነው። አራት ፓሌት የሚይዝ ካዝና (ምርቱ የሚገባበት የማምከኛው ሣጥን) በሳምንት ሦስት ዑደት፣ ማለትም ሦስት የማምከን ዙር፣ ቢሠራ 12 ፓሌት ያወጣል። ይህን ቁጥር ከመጠይቁ ድምር ጋር አስተያዩ። ድምሩ በሳምንት አንድ ዑደት እንኳ የማይሞላ ከሆነ ማምከኛውን ተዉት፣ ከላቦራቶሪው ጀምሩ። የሚረሳው የካዝናው መጠን ሳይሆን የመጠበቂያው ቦታ ነው። ከዑደቱ በኋላ ጋዙ ከምርቱ እስኪወጣ አየር ማስገቢያ ክፍል ውስጥ ይቆያል፤ ሦስት ቀን የሚፈጅ ከሆነ ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ የሚሠራ ማምከኛ ሁለት ጭነት ማለትም 8 ፓሌት በአንድ ጊዜ የሚያስቀምጥበት ክፍል ይሻል። በዚያ ላይ የስፖር ምርመራው፣ ማለትም ከጭነቱ ጋር የገባው ጠንካራ የባክቴሪያ ዘር መሞቱ የሚታይበት፣ ውጤት በተለመደው አሠራር እስከ 7 ቀን ይጠበቃል፤ እስከዚያ ምርቱ ተቆልፎ ለብቻው ይቀመጣል። ይህ ክፍል ካልታሰበ በሁለተኛው ሳምንት የመከነውና ያልመከነው ኮሪደር ላይ ይገናኛሉ። የዚህ ሥራ ትልቁ አደጋ ደግሞ ይኸው ነው።

ዑደቱ ሲሠራ ሙቀቱ ብዙውን ጊዜ ከ37 እስከ 63 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ እርጥበቱ ከ40 እስከ 80 በመቶ፣ የጋዙ መጠን በሊትር ከ450 እስከ 1200 ሚሊ ግራም፣ ጊዜው ከ1 እስከ 6 ሰዓት ነው። የእናንተን ትክክለኛ ቁጥር የሚወስነው ግን በአይኤስኦ 11135 (ስለ ኢትሊን ኦክሳይድ ማምከን የወጣ ዓለም አቀፍ ደረጃ) መሠረት የሚደረገው ማረጋገጫ ነው። በተለመደው ዘዴ የጋዙ ጊዜ በግማሽ ተቆርጦ ሦስት ተከታታይ ሙከራ ይካሄዳል፤ በጭነቱ ውስጥ ለጋዝ አስቸጋሪ በሆኑ ቦታዎች የተቀመጠው ባሲለስ አትሮፌየስ የተባለው ባክቴሪያ ስፖር፣ በእያንዳንዱ ጠቋሚ አንድ ሚሊዮን፣ በሦስቱም ሙሉ በሙሉ መሞት አለበት። መደበኛው ዑደት ከዚያ እጥፍ ጊዜ ይሠራል።

የብዙ አባላት ምርት አንድ ካዝና ሲገባ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ማረጋገጫው የሚሸፍነው የተፈተነውን የምርት ቤተሰብና የተፈተነውን አደራደር ብቻ ነው። ረጅምና ቀጭን ቱቦ ጋዝ የሚያስገባው በጭንቅ ነው፤ ፋሻ ግን እርጥበትን ይጠጣል። አንድ አባል የከረጢቱን ወረቀት በርካሽ ቀይሮ ሳይናገር ሲቀር፣ ወይም ፓሌቱን አየር በማያሳልፍ ፕላስቲክ ሲጠቀልል፣ የእሱ ሎት ብቻ ሳይሆን አብሮት የገባው የጎረቤቱ ሎትም ጥያቄ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ከእያንዳንዱ አባል ጋር የጥራት ስምምነት ይፈረም፦ ምርት፣ ማሸጊያ ወይም አደራደር የሚቀይር አባል ለምሳሌ ከ30 ቀን በፊት በጽሑፍ ያሳውቃል። ማምከኛው የሚመሰክረው ዑደቱ በተረጋገጠው ወሰን ውስጥ መሄዱን ብቻ ነው፤ ምርቱን ለገበያ የሚለቀውና የሚጠየቅበት አምራቹ ነው። ማለዳ ከብርድ መጋዘን የመጣ ፓሌትም ቀጥታ አይግባ፤ መሐሉ እስኪሞቅ ቅድመ ዝግጅት ክፍል ውስጥ ይቆይ።

በደጋ ለምትሠሩ አንድ ማስጠንቀቂያ። አዲስ አበባ ወደ 2,350 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት 77 ኪሎ ፓስካል ገደማ ነው፤ በባሕር ጠረፍ 101 ነው። ማሽኑ ፋብሪካው ውስጥ ከአካባቢው አየር ጋር በሚያነጻጽር ጌጅ (የግፊት መለኪያ) ተስተካክሎ ከመጣ «ከዜሮ በታች 80 ኪሎ ፓስካል» የሚለውን ቫኪዩም እዚህ መቼም አያገኘውም፤ ፓምፑ ሲሽከረከር ያድራል። የማሽኑ ትእዛዝ ሁሉ በፍጹም ግፊት፣ ማለትም ከአካባቢው አየር ሳይሆን ከባዶ ቫኪዩም ተነሥቶ በሚቆጠር ግፊት፣ እንዲጻፍ በግዢ ውሉ ላይ አስገቡ። በእንፋሎት የሚያመክነው አውቶክሌቭም እንዲሁ ነው። ለ121 ዲግሪ እንፋሎት 205 ኪሎ ፓስካል ፍጹም ግፊት ያስፈልጋል፤ ይህም በጠረፍ ጌጅ ላይ 104፣ በአዲስ አበባ ግን 128 ሆኖ ይነበባል። ማኑዋሉ ላይ ያለውን 104 አይቶ የሚያቆም ሠራተኛ 117 ዲግሪ ላይ ቆሟል፤ ወረቀቱ ላይ «121» ብሎ ይፈርማል፤ ዕቃው ግን አልመከነም። ስለዚህ ሠራተኛው የሚከተለው ጌጁን ሳይሆን በጭነቱ መሐል ያለውን የሙቀት መለኪያ ይሁን።

ቫኪዩሙ በፍጥነት ሲሳብ ከረጢቱ ያብጥና ስፌቱ ይከፈታል። በዓይን የማይታይ የፀጉር ስፋት ያላት ቀዳዳ ትበቃለች። ከማምከን በፊትም በኋላም ከየሎቱ ከረጢት ወስዳችሁ ባለቀለም ፈሳሽ በስፌቱ ላይ አፍስሱ፤ ቀለሙ ስፌቱን አቋርጦ ከገባ ሎቱ አይለቀቅም። ከምርቱ ላይ የቀረው ጋዝም ይለካ፦ ከሰውነት ጋር እስከ 24 ሰዓት ለሚነካካ መሣሪያ በአይኤስኦ 10993-7 ያለው ወሰን በአንድ መሣሪያ 4 ሚሊ ግራም ኢትሊን ኦክሳይድ ነው።

ላቦራቶሪውና የእርስ በርስ ኦዲት

የመጀመሪያው ዕቃ ውድ ማሽን አይደለም። እስከ 0.001 ግራም የምታነብ ሚዛን፣ ቴርሞሜትርና ንጹሕ ውኃ ብቻ ይዛችሁ የሲሪንጅን መጠን መፈተሽ ትችላላችሁ። በአይኤስኦ 7886-1 ለ5 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ የሚፈቀደው ልዩነት ሙሉ ሲሆን ወደ ላይም ወደ ታችም 4 በመቶ ነው፤ ማለትም ከ4.80 እስከ 5.20። ለ2 ሚሊ ሊትር 5 በመቶ ነው፤ ከ1.90 እስከ 2.10። 20 ዲግሪ ውኃ እስከ መስመሩ ሙሉ፣ አረፋውን ጎማው ሥር እንዳይቀር አስወጡ፣ ሚዛን ላይ ባለው ብርጭቆ ግፉት፣ የተገኘውን ግራም በ0.998 አካፍሉ።

ናሙናው የሲሪንጁ በርሜል (ውጫዊ ቱቦው) ከሚቀረጽበት ሻጋታ ከእያንዳንዱ ጉድጓድ አንድ ይሁን፤ የጉድጓዱ ቁጥር በርሜሉ ላይ ታትሟል። ሁሉም በአንድ አቅጣጫ ከሳቱ ጥፋቱ የመስመሮቹ ሕትመት ነው፤ ማተሚያው ተንሸራትቷል። አንድ ቁጥር ብቻ ከሳተ ጉድጓዱ አርጅቷል። ውጤቱ ወዲያና ወዲህ ከተበተነ ደግሞ መጀመሪያ የለካውን ሰው እጅ ተመልከቱ፤ ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ አረፋ ነው።

ለአይኤስኦ 13485 (የሕክምና መሣሪያ አምራቾች የጥራት አስተዳደር ደረጃ) ዝግጅት የውጭ አማካሪ ከመቅጠር በፊት አባላት እርስ በርስ ይመርምሩ፤ ነገር ግን ተወዳዳሪ ተወዳዳሪውን አይመርምር። ማስክ የሚሠራው የተሽከርካሪ ወንበር ፋብሪካን፣ ያኛው የፋሻውን ይጎብኝ። ሁለት ቀን ይበቃል፦ የመጀመሪያውን ቀን አንድ የተሸጠ ሎት መርጣችሁ ወደ ጥሬ ዕቃው ደረሰኝ ተመለሱ፤ ሁለተኛውን አንድ የደንበኛ ቅሬታ ይዛችሁ እስከ እርማቱ ተከተሉ። ብዙ ድርጅት ፎርሙ ሁሉ ተሞልቶ እያለ በእነዚህ ሁለት መንገዶች ላይ ይቋረጣል።

ለተቆጣጣሪው መልስ መስጠት

የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለስልጣን በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 ይሠራል፤ ረቂቅ መመሪያ ለአስተያየት ሲያወጣ የማኅበሩ ሥራ እዚህ ይታያል። «ይከብደናል፣ ይታሰብበት» የሚል ደብዳቤ ማንንም አይረዳም። አምስት ዓምድ ያለው ሠንጠረዥ ሥሩ፦ የአንቀጹ ቁጥር፣ አሁን የሚለው ቃል በቃል፣ በምርት ላይ የሚያመጣው ችግር፣ የምታቀርቡት አማራጭ ቃል፣ ማስረጃው። «አንቀጹ ለእያንዳንዱ ሎት የውጭ ላቦራቶሪ ምርመራ ይጠይቃል» ከሆነ ቅሬታው፣ ማስረጃው የናሙናው ጉዞ ስንት ቀን እንደሚፈጅና ምርቱ በዚያ ጊዜ የት እንደሚቀመጥ የሚያሳይ የሦስት ሎት መዝገብ ነው። አማራጩም «በተረጋገጠ ሂደት ለሚመረት ምርት በየስድስት ወሩ» ሊሆን ይችላል። አባላት የማይስማሙበትን አንቀጽ ከሠንጠረዡ አውጡት፤ ሁለት ቃል የሚናገር ማኅበር ቀሪው መስመር ሁሉ ይጣልበታል። ሠንጠረዡን ቀኑ ከመዝጋቱ አንድ ሳምንት ቀድማችሁ አስገቡ፤ ባለስልጣኑ የተቀበለበት ማኅተም ያለበትን ቅጂ ለአባላቱ በሙሉ ላኩ።